ጀርባው የሚያውቀው መንገድ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ጥላው ለሁላችንም ይበቃል። ቆሞ የሚሰማ ሰው ልቡ መንገድ ላይ ነውና ተቀመጡ። አንተም ልጄ፣ እዚያች ድንጋይ ላይ አረፍ በል፣ አትፍራት። የምነግራችሁ ስለ አንድ ሽማግሌ አህያ ነው። አትሳቁ። ሳቁ ሳቁ ካላችሁም ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ያኔ የነበሩትም መጀመሪያ ስቀው ነበር።

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺህ ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ሰፈር አርባ ሁለት በሚባል ቆላ ላይ ነው። መቶ ስልሳ ቤት፣ አንድ የጋራ ወጥ ቤት፣ አንድ ትልቅ የውኃ ሮቶ። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ በሮቹም ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ሆኖም ቤት የተሳሳተ ሰው አልነበረም። ሁሉም በጆሮው መሪ ነበረችው።

መሪ ድምፅ ናት። ምስር ታህላለች። ሕፃን ዳዴ ትቶ ሲቆም ትገባለታለች፣ ሰው ሲሞት ከመገነዙ በፊት ትወጣለታለች። በመሃል ያለውን ዕድሜ "ወደ ቀኝ"፣ "ወደ ግራ"፣ "ደርሰሃል" እያለች ታደርሰዋለች። ክፉ አልነበረችም፤ ይህን ያዙልኝ። አሳስታ ገደል የከተተችው ሰው የለም።

ስንዱ ጥላዬ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ሥራዋ በወጥ ቤቱ ክክ መልቀምና መቀቀል ነው። ጧት ዓይኗን ስትገልጥ መሪ፣ "ደህና አደርሽ ስንዱ። አራት እርምጃ፣ በር" ትላታለች። ትነሣለች። "አሥራ አንድ እርምጃ፣ ቧንቧ።" ትታጠባለች። ወጥ ቤቱ ቅርብ ነው፤ መንገዱ ግን በየቀኑ ይለያያል። ሰውና ሰው እንዳይጋፋ መሪ ለእያንዳንዱ የራሱን መታጠፊያ ትሰጠዋለች። ስንዱ አንድ ቀን በምሥራቅ፣ አንድ ቀን በምዕራብ ትሄዳለች፤ የቱ ምሥራቅ፣ የቱ ምዕራብ እንደሆነ ግን አታውቅም። ቃሉ ራሱ ከሰው አፍ ጠፍቶ ነበር። ልጆቹ "ፀሐይ በየት በኩል ትወጣለች?" ቢባሉ "በመስኮት" ይሉ ነበር።

ለቅሶ እንኳ እንዲያ ሆኖ ነበር። ወይዘሮ ዘርፌ የሚባሉ ሴት ሲያርፉ መሪ ሰዉን በየተራ፣ ለሰባት ለሰባት ደቂቃ ወደ ቤታቸው አደረሰችው። ስንዱ ገባች፣ ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። እንባዋ ገና ሲመጣ፣ "ጊዜሽ አብቅቷል። አምስት እርምጃ፣ በር" ተባለች። ስትወጣ የሚገባ ሰው አላየችም። መቶ ስልሳ ቤት አልቅሶ አንዱ የሌላውን እንባ ሳያይ ቀረ።

ሰፈሩን ዙሪያውን አረንጓዴ ቀለም የተቀባ መስመር ይከብበዋል። አጥር አይደለም፤ ዶሮም ትሻገረዋለች። ሰው ሲደርስበት መሪ፣ "ከዚህ ወዲያ መንገድ የለም" ትላለች። ልብ በሉ፣ ክልክል ነው አላለችም። የለም ነው ያለችው። ክልክል የሆነ ነገር ሰውን ያጓጓል፤ የሌለ ነገር ማንን ያጓጓል?

ከስንዱ ቤት ጀርባ አንድ ካስማ ነበር፤ በካስማው ላይ ሻምበል ይታሰራል። ሻምበል የአባቷ የአቶ ጥላዬ አህያ ነው፣ ዕድሜው ሠላሳ ስድስት። ጥርሱ ስላለቀ ፉርሽካ በውኃ ተርሶ ነው የሚሰጠው። ሻምበል የተባለው በድሮው መንደራቸው፣ በሰንበሌጥ አፋፍ ነው፤ ውኃ የሚወርዱትን አህዮች ሁሉ ከፊት ሆኖ ይመራ ስለነበር። ወደ ሰፈሩ ሲመጡ መዝጋቢው ቅጹ ላይ ለእንስሳ የሚሆን ቦታ ቢያጣ "ቅርስ" ብሎ ጻፈው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በገመዱ ልክ ሲዞር ኖረ፤ በካስማው ዙሪያ ያለው መሬት እንደ ሰፌድ ክብ ሆኖ ተልጧል።

ጧት ጧት ግን መዞሩን ያቆማል። ፊቱን ወደ አንድ ወገን፣ ሁልጊዜም ወደዚያው ወገን አዙሮ ጆሮዎቹን ያቆማል።

"ምን ታያለህ አንተ?" ትለዋለች ስንዱ ፉርሽካውን ስታቀርብ። "የለም ተባለ እኮ።"

እሷ ከሰንበሌጥ አፋፍ የወጣችው በስምንት ዓመቷ ነው። ከዚያ ሁሉ የቀራት አንድ ሥዕል ነበር፦ ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች፣ በመሃላቸው ሰማይ። አባቷ ምንጭ ሲወርዱ ከሁለቱ ባዶ ጄሪካኖች መሃል ሻምበል ላይ ያስቀምጧት ነበርና ያንን አገር ያየችው በጆሮዎቹ መሃል ነው። ምንጩ አይነጥፌ ይባላል። ቅዝቃዜውን ጥርሷ ያስታውሳል። መንገዱን ግን እግሯ አያውቅም።

እንግዲህ በኅዳር ቧንቧው ማሳል ጀመረ። በጥር ዝም አለ። ቦቴ ለሁለት ሳምንት ተመላለሰ፤ ከዚያ ቦቴውም ቀረ። በየካቲት፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ በቆመበት ደረቀ፤ መሪ ለሁሉም በአንድ አፍ ስትናገር ሰምቶ አያውቅም ነበርና።

"እስከ ቅዳሜ በአካባቢው ውኃ ካልተገኘ የሰፈር አርባ ሁለት ነዋሪዎች ወደ ሰባት ሰፈሮች ይከፋፈላሉ። ጉዞው ሁለት ቀን ነው። ታማሚዎች በመጨረሻው መኪና ይሳፈራሉ።"

አቶ ጥላዬ ግማሽ አካላቸው ከዳቸውና አልጋ ከያዙ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ነርሷ ልባቸውን አዳምጣ ስንዱን ወደ በሩ ጠራቻት።

"ሁለት ቀን በመኪና?" አለቻት ቀስ ብላ። "አልዋሽሽም እህቴ። የመጀመሪያውን ቀን አያመሹም።"

ስንዱ በሩን ዘግታ ተደገፈችው። ከዚያ ጠየቀች። "መሪ፣ አይነጥፌ ምንጭ አድርሺኝ።"

"እንዲህ ያለ ቦታ የለም።"

"ሰንበሌጥ አፋፍስ?"

"እንዲህ ያለ ቦታ የለም። ድምፅሽ ደክሟል። ስድስት እርምጃ፣ አልጋ።"

አባቷ ሰምተው ኖሯል። ደህነኛው እጃቸው አልጋውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ።

"ሻምበል" አሉ።

"ሻምበል ምን ሆነ አባዬ?"

"ያውቀዋል።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፤ ለሳቸው አንድ ቃል እንደ አንድ ሸክም ነበር። "ጀርባው ነው የሚያውቀው። ጀርባው።"

ስንዱ ጀርባቸውን ያመማቸው መስሏት ትራሱን አስተካከለችላቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጆቼ፣ ሁለት ቀን ያስከፈለን ያ ትራስ ነው።

ረቡዕ ጧት ጎረቤቷ አያ እንድሪስ መጡ፤ ሻምበል ምንጩን ያውቀዋል መባሉን ነገረቻቸው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ የወጥ ቤቱ ድስት አጣቢ፣ ቀልድ የማይለያቸው ሰው ናቸው።

"አህያ ይምራን?" አሉ። "እታለም፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል ነው የሰማሁት። አንቺ ጭራሽ አህያው ከጥም ያስጥለናል ልትዪ ነው?"

"ሌላ ካለዎት ያምጡ፣ አያ እንድሪስ።"

"የለኝም። ስለሌለኝ እኮ ነው የምቀልደው።"

የሰፈሩ አስተባባሪ አቶ ፍሥሐ ልበ መልካም ወጣት ነበር፤ ደንብ ሲያነብ ግን ዓይኑን ከደንቡ ላይ አያነሣም። "ከመስመር የሚወጣ ሰው ለነፍሱ አርባ ሊትር ውኃ ይዞ ይውጣ ይላል" አለ።

"አርባ ሊትር ቢኖረን ምን ሊያወጣን!" አሉ አያ እንድሪስ።

"ደንቡን እኔ አልጻፍኩትም አባባ። በረሃ ላይ ብትቀሩ እኔ ነኝ የምጠየቀው።"

ደግሞ እውነት ነው፣ ሰዉም ፈርቶ ነበር። ያለ ውኃ ወደሌለ ቦታ ማን ይሄዳል? አሥር ቤት አራት አራት ሊትር አዋጣ። ሁለቱ ጄሪካኖች ሞሉ። ሻምበል ላይ ግራና ቀኝ ተንጠለጠሉ፤ የሽማግሌው ጉልበት ተንቀጠቀጠ።

"ሂድ እንግዲህ፣ ሻምበል" አለችው ስንዱ ገመዱን ፈትታ።

ሻምበል ቆመ። ጎተቱት፤ አንገቱ ረዘመ እንጂ እግሩ አልተነሣም። አያ እንድሪስ ከኋላ ገፉት፤ አሥር እርምጃ ያህል እየተንገዳገደ ሄደና ሲለቁት ዞሮ ወደ ካስማው ተመለሰ። አንገቱን ደፋ። ቆመ። አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው።

"ሻምበል ጡረታ ላይ ናቸው" አሉ አያ እንድሪስ ላባቸውን እየጠረጉ። "ከእንግዲህ ትእዛዝ አይቀበሉም።"

ሐሙስም እንደዚያው ሆነ። አቶ ፍሥሐ "ምናልባት ቢመታ" አለ፤ ስንዱ አርጩሜ አንሥታ አንድ ጊዜ መታችው። ሻምበል አልሸሸም። ዞር ብሎ አያት ብቻ። አርጩሜውን ከእጇ ጣለችና ከዚያ በኋላ ፊቱን ማየት አልቻለችም። ውኃው የሰው ውኃ ነውና መሬት አላስነኩትም፤ ሲመሽ አውርደው ቤት አሳደሩት፣ ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ለመጨረሻ ጊዜ ጫኑት። አሁንም ካስማው ሥር ቆመ።

ተስፋ ሲቆረጥ ሰው ምን ያደርጋል? ያዋጣውን ይመልሳል። ያን ዕለት ጧት አሥሩ ቤቶች ውኃቸውን ሊወስዱ መጡ። መሪ እንደ ለቅሶው አንድ በአንድ አመጣቻቸው። ጭነቱን እንደገና ለማውረድ ጉልበት የቀረው ሰው ስላልነበረ ከሻምበል ጀርባ ላይ እንዳለ በጎማ እየሳቡ ቀዱት፤ ሚዛኑን እንዳይስት አንዱ ከቀኙ፣ ተከታዩ ከግራው። አንዷ እናት ልጇን አዝላ የመጨረሻውን አራት ሊትር በጣሳ አንጠፍጥፋ ወሰደች። ስንዱ የቤቷን የጀርባ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ታያለች። አህያውን እንኳ አላሰረችውም። የት ይሄዳል ብላ?

ነፋስ መጣ። ሁለቱ ባዶ ጄሪካኖች ከሻምበል ጎን ጋር ተጋጩ። ኳ። ኳ።

ጆሮዎቹ ቆሙ።

ሻምበል አንገቱን ቀና አደረገ፣ በአፍንጫው ረጅም ትንፋሽ ሳበ፣ ዞረ፣ መሄድ ጀመረ። ማንም ሳይነካው፤ ጧት ጧት ወደሚያየው ወገን።

"ጀርባው!" አለች ስንዱ ከተቀመጠችበት ተነሥታ። "አያ እንድሪስ፣ ጀርባው ነው ያሉኝ እኮ!"

አያችሁ? ሻምበል ሙሉ ጄሪካን ተጭኖ ካስማው ሥር ከቆመ፣ ጉዞው አልቋል ማለት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ "ደርሻለሁ፣ አውርዱልኝ" ሲላቸው እነሱ ሲገፉት ኖሩ። ባዶ ጄሪካን ሲሆን ነው ወደ ምንጭ የሚወረደው። አቶ ጥላዬም ይህን ያልተናገሩት ደብቀው አይደለም። ሙሉ ጄሪካን ጭኖ ውኃ ሊቀዳ የሚወርድ ሰው በሰንበሌጥ አፋፍ ታይቶ አይታወቅማ! ይህን የመሰለ ነገር ሊያስብ የሚችለው መንገድ የሌለው ሰው ብቻ ነው።

አረንጓዴው መስመር ላይ ደረሰችበት። ሻምበል ተሻገረ። በጆሮዋ፣ "መንገድ የለም። ተመለሺ። መንገድ የለም" አለች መሪ ደጋግማ። ስንዱ ጣቷን ሰድዳ መሪን አወጣቻት።

ዝምታ ነው ብላችሁ ታስባላችሁ። አይደለም። ነፋሱ መጣ፣ የአህያው ኮቴ መጣ፣ የራሷ ትንፋሽ መጣ። ሃያ ስድስት ዓመት ከድምፁ በስተጀርባ ተሰልፈው ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ሁሉም በአንድ ጊዜ ገቡባት።

አያ እንድሪስም የራሳቸውን አውጥተው አንድ እግራቸውን አሻገሩና መሬት ላይ ቁጭ አሉ። "ምድሪቱ ዞረችብኝ" አሉ። ፊታቸው ላይ ቀልድ አልነበረም። የደረሳቸውን አራት ሊትር ከያዘው እቃ አንድ ጠርሙስ ሞልተው ሰጧት። "ሂጂ እታለም። ለአባትሽ እኔ አለሁ። ግን ያለ መሪ በርሽ አይከፈትልሽም።"

"ያን ጊዜ አንኳኳለሁ።" መሪን መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው።

"ማንኳኳት" አሉ አያ እንድሪስ ቃሉን እንደ ጠፋ ሳንቲም እያገላበጡ። "እውነትም እንዲያ የሚባል ነገር ነበር።"

ሻምበል ቀስ እያለ፣ ግን ሳያመነታ ይሄዳል። መታጠፊያ ሲደርስ ግን ይቆማል። አንገቱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ የመጣበትን መንገድ ለረጅም ጊዜ ያያል። ስንዱ በመጀመሪያው መታጠፊያ ሊመለስ መስሏት ደነገጠች። ከፊቱ ዞራ፣ በሁለት እጇ ገመዱን ይዛ ፊቱን ወደ ራሷ ጎተተችው። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም እንደዚያው። "እባክህ፣ እባክህ፣ ሻምበል" እያለች። እሱ ግን አይቶ ሳይጨርስ አይነቃነቅም፤ ሲጨርስ ደግሞ ማንም ሳይነግረው ይሄዳል።

አራተኛው ላይ ትዝ አላት። ከሰንበሌጥ አፋፍ በተነሡ ዕለት፣ ሻምበል ምጣድና ድስት፣ ቆርቆሮና አልጋ ተጭኖ በየመታጠፊያው እየቆመ ወደ ኋላ ሲያይ፣ አጃቢዎቹ "እልኸኛ" እያሉ ሲመቱት፣ አባቷ በመሃል ገብተው፣ "ተዉት፣ እየጻፈ ነው" ብለው ነበር። ያን መንገድ ሻምበል የሄደው በዕድሜው ያን አንድ ቀን ብቻ ነው። ወደ ሰፈሩ ሲሄድ ወደ ኋላ እያየ የጻፈውን ነው እንግዲህ ዛሬ ወደ ፊት እያየ የሚያነበው።

ንብም እንዲሁ ናት። ቀፎዋ ሲዛወር በመጀመሪያው ቀን ዝም ብላ ወጥታ አትበርም። ፊቷን ወደ ቀፎው አድርጋ፣ እየተንሳፈፈች፣ ወደ ኋላዋ እየራቀች በሯን ታጠናለች። የሚሄዱበትና የሚመለሱበት መንገድ አንድ አይደለማ። እንደ ሰው ፊትና ጀርባ ናቸው፤ ፊቱን ብቻ የምታውቁትን ሰው ከኋላው ብታዩት ትስቱታላችሁ።

ከዚያ ወዲያ ስንዱም በየመታጠፊያው ከሻምበል ጋር ቆማ ዞር እያለች አየች። ሲመጡ ክብ የነበረው ኮረብታ ከዚህ ሲታይ ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ጎዶሎ ነው። ቀጥ ያለ የመሰላት ግራር ጎባጣ ነው። አንድ ቦታ ናዳ መንገዱን በልቶት አገኙ። ሻምበል ጫፉን አሸተተ፣ ቆመ፣ አሰበ። አሰበ ነው የምላችሁ። ከዚያ ማንም ሄዶበት በማያውቅ ቁጥቋጦ ውስጥ ዞሮ ከናዳው ማዶ መንገዱ ላይ ወጣ። የእግሩን ልምድ ብቻ አልነበረም የያዘው፤ አገሩን ነበር የያዘው።

ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሰንበሌጥ አፋፍ ገቡ። ግድግዳው ፈርሶ፣ ጣራው ተነቅሎ፣ ሣሩ በቤቱ መሃል በቅሎ ነበር። ሻምበል በአንዱ ፍራሽ ደጃፍ አጠገብ ሳይቆም አለፈ፤ ጄሪካኖቹ ገና ባዶ ናቸዋ። በድንጋዮቹ መሃል ወደ ታች ወረደ። አንድ ትልቅ ሾላ ከነጥላው ቆሟል። ከሥሩ፣ ሽበት የመሰለ ሥር በከበበው ጎድጓዳ ውስጥ፣ ውኃው ማንም ሳይጠጣው፣ ማንም ስሙን ሳይጠራው ዝም ብሎ ይፈልቃል።

ስንዱ በእፍኟ ቀዳች። ጥርሷን በረዳት። በወይዘሮ ዘርፌ ለቅሶ ያልወረደው እንባ ያን ጊዜ ወረደ፤ "ጊዜሽ አብቅቷል" የሚላት አልነበረም።

ሻምበል ጠጣ፣ አረፈ፣ ደግሞ ጠጣ። ለዕድሜው አዝና ጄሪካኖቹን ግማሽ ግማሽ ሞላችለት። ሽቅብ ወጡ። ሲወርድ ሳይቆም ያለፈው ፍራሽ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከግድግዳው የቀረው የደጁ ድንጋይ ብቻ ነው። አንገቱን ደፋ። ጠበቀ።

ስንዱ ገባት። ደርሻለሁ፣ አውርዱልኝ።

"እሺ አባቴ" አለችው። አወረደችለት። ሻምበል በጉልበቱ ወረደና ደጁ ላይ ተኛ። ገመዱን አላነሣችም። እንዳታስነሣው የከለከላት የተንቀጠቀጠው እግሩ ብቻ አይደለም፤ ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቀውን ቤት ያገኘ ፍጡርን ተነሥ የሚል አፍ ከየት ይመጣል? አንዱን ጄሪካን አሮጌው የድንጋይ ገንዳ ውስጥ ገለበጠችለት። ግንባሩን በመዳፏ ያዘች። የመታችውን ቦታ ፈልጋ አሸችው።

ከዚያ አሥር ሊትሩን በገመዱ ጀርባዋ ላይ አሰረች። ነገ ቅዳሜ ነው። መኪናዎቹ ይመጣሉ። አባቷ በመጨረሻው መኪና ናቸው። ሻምበል የለም፣ መሪ የለችም።

ጎዶሎው ኮረብታ አሁን ከፊቷ ነው። ሄደች። ጎባጣው ግራር አለ። በናዳው ዙሪያ ዞረች። ዞር እያለች ያየችው ሁሉ አንድ በአንድ ተነሥቶ ተቀበላት፤ እንደ ዘመድ። ወደ ሰፈሩ ስትቃረብ ግን ሦስት መንገድ የሚለያይበት ሜዳ ላይ ደርሳ ቆመች። ይህ ሦስተኛው መታጠፊያ ነው። እዚህ ዞር አላለችም። እዚህ ሻምበልን ስትጎትት ነበር።

ተቀመጠች። ላቧ ከውኃው ጋር ጀርባዋን ያርሰዋል። "መሪ" ልትል አፏ ተከፈተና ተዘጋ። ዓይኗን ጨፈነች። ምን አደረግሁ እዚህ? ከፊቱ ቆምኩ። ገመዱን በሁለት እጄ ያዝኩ። ፊቱን ወደ እኔ ጎተትኩ።

ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች። በመሃላቸው ደግሞ አሁን ሰማይ ብቻ አልነበረም፤ ከሩቅ እንደ ተቀመጠች እርግብ ያለች አንዲት ነጭ ድንጋይ ነበረች።

ዓይኗን ገልጣ ፈለገቻት። በስተግራ፣ ከሩቅ፣ ነጯ ድንጋይ ተቀምጣለች። ተነሣች። በሁለተኛውም በመጀመሪያውም መታጠፊያ ቆማ ዓይኗን ጨፈነች፤ በጆሮዎቹ መሃል አየች፤ ሄደች።

አሥር ሰዓት ላይ አረንጓዴውን መስመር ተሻገረች። በሩ አላወቃትም። በጡጫዋ መታችው።

"ማነው?" አሉ አያ እንድሪስ ከውስጥ። "በር የሚመታ ሰው አለ እንዴ አሁንም?"

"እኔ ነኝ፣ አያ እንድሪስ። ስንዱ ነኝ።"

አባቷን ቀና አድርጋ በጣሳ አጠጣቻቸው። አቶ ጥላዬ ውኃውን አፋቸው ውስጥ ያዙት፤ ቶሎ አልዋጡትም። ከዚያ ግማሹ ፊታቸው ፈገግ አለ።

"አይነጥፌ" አሉ። ጥቂት ቆይተውም፣ "ሻምበልስ?"

"ቤቱ ነው፣ አባዬ።"

አቶ ጥላዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "አዎ" አሉ።

ቅዳሜ መኪናዎቹ መጡ። መሪ አሁንም "እንዲህ ያለ ቦታ የለም" ትል ነበር። አቶ ፍሥሐ ከጄሪካኑ አንድ ጣሳ ቀድቶ ጠጣና ለረጅም ጊዜ ደንቡን አላነበበም። ከዚያ መዝገቡ ላይ "ውኃ ተገኝቷል" ብሎ ጻፈ፤ መኪናዎቹ ባዷቸውን ተመለሱ። እሑድ ስንዱ ባዶ ጄሪካን ይዛ ወጣች፤ ከኋላዋ አሥራ ሁለት ሰው። አንዳንዱ የመጀመሪያውን መቶ እርምጃ በአራት እግሩ ነው የሄደው፤ አያ እንድሪስ አንዱ ነበሩ፣ እየዳኹም "አህያው እንዳያየኝ ብቻ" ይሉ ነበር። በየመታጠፊያው ስንዱ ታቆማቸዋለች። "ዞር በሉ። እዩ።"

ሻምበል ክረምቱ እስኪገባ በዚያ ደጅ ላይ ኖረ፤ ከገንዳው እየጠጣ። ወደ ሰፈሩ እንመልስህ ብሎ ገመድ ያነሣበት የለም። አቶ ጥላዬን በሚያዝያ በቃሬዛ ተሸክመው አመጧቸው፤ እንደ ለቅሶው በየተራ አይደለም፣ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ተጋፍቶ። በሐምሌ ሁለቱም በአንድ ሳምንት አረፉ። ያን ጊዜ የተለቀሰው ለቅሶ ሰባት ቀን ቆየ።

አዎ ልጄ፣ የተቀመጥክባት ድንጋይ የዚያች ደጅ ድንጋይ ናት፤ ሾላው ሥር ያመጣናት በኋላ ነው። ሻምበል ያለውም ከሥሯ ነው። ለዚህ ነው አትፍራት ያልኩህ።

እንግዲህ መሽቶ ሳይጨልም ወደየቤታችሁ ሂዱ። ሌላ ነገር አልጠይቃችሁም። እዚያች መታጠፊያ ላይ ስትደርሱ ግን አንዴ ቆም በሉልኝ። ዞር በሉና የመጣችሁበትን እዩት፤ ሾላውን፣ ድንጋዩን፣ እኔንም ከቻላችሁ። ሰው "ምን ቆማችሁ?" ቢላችሁ፣ እየጻፍን ነው በሉት። ይህን አስታውሱልኝ።